የክሊኒካል ምርምር ሀገር አቀፍ ትስስር፦ ምንነቱ፣ አስፈላጊነቱና የተሳታፊዎች መብት

በቦሌ የሚገኘው የሚሊኒየም አዳራሽ የተሠራው የኢትዮጵያን ሁለት ሺህኛ ዓመት ለማክበር ነበር። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ግን ኮንሰርትና ባዛር የሚስተናገድበት ይህ አዳራሽ በአልጋ ረድፎች ተሞልቶ የኮቪድ-19 ሕክምና ማዕከል ሆነ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በሀገሪቱ መገኘቱ ከተረጋገጠ በኋላ በኮተቤ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም ለዚሁ ሕክምና ተለይቶ ሲያገለግል ቆይቷል። በሁለቱ ማዕከላት የተሰማሩ የጤና ባለሙያዎች በየዕለቱ የሚገጥማቸው ጥያቄ በመላው ዓለም ያሉ ባልደረቦቻቸውን ከሚያስጨንቀው የተለየ አልነበረም፤ ይኸውም ከሚታወቁት መድኃኒቶች መካከል የትኛው ሕይወት ያተርፋል የሚል ነው።

የመጀመሪያው አስተማማኝ መልስ የመጣው ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ነበር። ሪከቨሪ የተባለው ጥናት፣ ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱ ታካሚዎች መካከል የሚሞቱትን ሰዎች ቁጥር በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚያገኙት መካከል ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ አሳየ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ታካሚዎች ግን ጥቅም እንዳልተገኘበት ጭምር ገለጸ። በዚያው ሰኔ ወር በኢትዮጵያም መድኃኒቱ ኦክስጅንና የመተንፈሻ መሣሪያ ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እንዲሰጥ በጤና ሚኒስቴር በኩል ምክረ ሐሳብ ቀርቧል።

ዴክሳሜታዞን ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ለአሥርታት በሥራ ላይ የቆየ፣ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነና በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም የተለመደ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ለክሊኒካል ምርምር በአንድ ትስስር ውስጥ መደራጀታቸው ነው። የመጀመሪያው ታካሚ በጥናቱ ከተመዘገበበት ዕለት አንሥቶ ውጤቱ እስኪገለጽ ሦስት ወር አልሞላም፤ በጥናቱ የተሳተፉት የጤና ተቋማት ግን 176 ነበሩ።

ክሊኒካል ምርምር ማለት አንድ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የምርመራ ዘዴ ወይም የእንክብካቤ አሰጣጥ ጠቃሚና ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን በሰዎች ፈቃደኛ ተሳትፎ የሚያረጋግጥ ጥናት ነው። ከዕለት ተዕለት ሕክምና የሚለየው በዓላማው ነው። ሐኪም ታካሚን ሲያክም በፊቱ ለተቀመጠው ሰው የሚበጀውን ይመርጣል። በጥናት ውስጥ ግን ከዚህ በተጨማሪ ወደፊት ለሚመጡ ታካሚዎች የሚሆን ዕውቀት ለማግኘት ስለሚሠራ፣ ማን ምን እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚመረመርና ውጤቱ እንዴት እንደሚለካ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰናል።

የታካሚዎችን ካርድ ሰብስቦ ወደ ኋላ መመርመር አይበቃም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በሚሊኒየም አዳራሽ ከታከሙ ሰዎች መዝገብ በመነሣት በኢትዮጵያውያን ሐኪሞች የተዘጋጁ ጥናቶች ታትመዋል፤ ማን ለከፋ ሕመም እንደሚጋለጥ በማሳየት ረገድም ጠቅመዋል። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን የትኛው መድኃኒት እንደሚያድን በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ምክንያቱም ሐኪሙ ጠንካራውን መድኃኒት የሚሰጠው ለጠናበት ሰው ነው። ኦክስጅን ያገኙትንና ያላገኙትን በመዝገብ ብቻ ያነጻጸረ ሰው ኦክስጅን ይገድላል ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ይችላል፤ ኦክስጅን የሚሰጠው ለባሰበት ነውና።

ይህን ስሕተት ለማስወገድ የተገኘው መፍትሔ ዕጣ ነው። ዕጣ ለአዲስ አበባ ነዋሪ፣ በተለይም በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለሚኖረው፣ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤት ዕጣ ስሙ የወጣለት ሰው እንደቀናው ወዲያው ያውቃል። በክሊኒካል ምርምር ግን ዕጣው በሚወጣበት ሰዓት የትኛው ወገን ዕድለኛ እንደሆነ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም፤ ቢያውቁማ ጥናቱ ባላስፈለገ ነበር። ዕጣው የሚያስፈልገው ሁለቱ ቡድኖች በዕድሜ፣ በሕመም ክብደትና በሌሎች ሁኔታዎች ተመሳሳይ እንዲሆኑና በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት ከሕክምናው ብቻ የመነጨ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ከሁለቱ አንዱ የተሻለ መሆኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ታካሚዎችን በዕጣ መመደብ አይፈቀድም።

የትስስር አስፈላጊነት የሚመጣው ከቁጥር ነው። በዴክሳሜታዞን ጥናት መድኃኒቱን ካገኙት 2,104 ታካሚዎች መካከል ከመቶ 23 ያህሉ፣ ካላገኙት 4,321 መካከል ደግሞ ከመቶ 26 ያህሉ በ28 ቀናት ውስጥ ሕይወታቸው አልፏል። አንድ ሆስፒታል በእያንዳንዱ ወገን መቶ መቶ ሰው ብቻ አሰልፎ ይህን ጥናት ቢያካሂድ ኖሮ የሦስት ሰው ልዩነት ያገኝ ይሆናል፤ ወይም ምንም ላያገኝ፣ ወይም ጭራሹን ተቃራኒውን ሊያይ ይችላል። በእንዲህ ያለ አነስተኛ ቁጥር ልዩነቱ ከመድኃኒቱ ይሁን ከአጋጣሚ መለየት አይቻልም። በብዙ ሺህ ሰዎች ዘንድ ሲደገም ግን የሦስቱ ሰው ልዩነት እውነተኛ እንደሆነ ይታወቃል። ከመቶ ሦስት ሰው ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ከአሥር ሺህ ታካሚ ሲሰላ ሦስት መቶ ሰው ነው።

ስለዚህ ትስስር ማለት አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ መሥሪያ ቤት ማለት ብቻ አይደለም። በተለያየ ከተማ ያሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች አንድ የጥናት ሰነድ ተከትለው፣ በተመሳሳይ መንገድ የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሰማርተው፣ ጥራቱ በተረጋገጠ ላቦራቶሪ መርምረውና መረጃቸውን በአንድ ቋት አከማችተው የሚሠሩበት ዘላቂ አደረጃጀት ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ አሠራር ጥሩ ማሳያ የሚገኘው በካላዛር ሕክምና ነው። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተለይ ለቀን ሥራ ወደ ሑመራና መተማ እርሻዎች የሚወርዱ ወጣቶችን ያጠቃል። ለረጅም ዘመን ሕክምናው 30 ቀን ሙሉ በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የሱዳንና የኡጋንዳ ተመራማሪዎችና የጤና ተቋማት ከዓለም አቀፍ አጋሮች ጋር የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማኒያሲስ መድረክን በካርቱም መሠረቱ። ከኢትዮጵያ የጎንደርና የአርባ ምንጭ ሆስፒታሎች ተሳተፉ። በአራቱ ሀገራት ከአንድ ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያካተተው ጥናት፣ ሁለት መርፌዎችን አጣምሮ በ17 ቀን የሚጠናቀቀው ሕክምና ከ30 ቀኑ የማያንስ ውጤት እንዳለው አሳየ። ከስድስት ወር በኋላ የተገኘው የፈውስ መጠን በአጭሩ ሕክምና 91.4 ከመቶ፣ በረጅሙ 93.9 ከመቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 አጭሩን ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ መከረ። የዕለት ገቢውን በጉልበቱ ለሚያገኝ ሰው ከሆስፒታል በ13 ቀን ቀድሞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

ካላዛርና ኤችአይቪ በአንድነት ለሚገኙባቸው ታካሚዎች የተደረገው ጥናት ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር። በጎንደርና በአብዱራፊ በተካሄደው በዚህ ጥናት በዕጣ የተመደቡት 58 ሰዎች ብቻ ናቸው። ሆኖም በሕንድ ከተካሄደ ተመሳሳይ ጥናት ጋር ተደምሮ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ላወጣው አዲስ የሕክምና መመሪያ መሠረት ሆኗል። ጥቂት ታካሚ ያለበት በሽታ ትስስርን ይበልጥ ይፈልጋል።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ሕክምናው ወደ 20 ወር የሚፈጅ በመሆኑ ብዙ ታካሚዎችን ከሥራና ከቤተሰብ ያለያይ ነበር። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከቬትናም፣ ከሞንጎሊያና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር በተሳተፉበት ስትሪም በተባለው ጥናት፣ ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው አጭር ሕክምና በ424 ተሳታፊዎች ተፈተሸ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት ሁለቱ ተቀራራቢ መሆናቸውን አሳየ፤ በረጅሙ 79.8፣ በአጭሩ 78.8 ከመቶ የሚሆኑት ታካሚዎች መልካም ውጤት አግኝተዋል። ኢትዮጵያ በተሳተፈችበት በሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ መስማትን ሊጎዳ የሚችለው መርፌ ቀርቶ ሙሉ በሙሉ በሚዋጥ መድኃኒት የሚሰጥ የዘጠኝ ወር ሕክምና ተፈትሾ፣ 82.7 ከመቶ መልካም ውጤት በማስገኘት በመርፌ ከታገዘው አጭር ሕክምና፣ ማለትም ከ71.1 ከመቶ፣ በልጦ ተገኝቷል።

ጥናት ሁሉ ስለ አዲስ መድኃኒት ነው ማለት ግን አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ፖዶኮኒዮሲስ ባለባቸው፣ ማለትም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ ምክንያት እግራቸው ባበጠ 696 ሰዎች ላይ የተካሄደው ጥናት የፈተሸው እግርን መታጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻን፣ ካልሲንና ጫማን ነው። ግማሾቹ እንክብካቤውን ወዲያው፣ ግማሾቹ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ በዕጣ ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት፣ ትኩሳትና ሕመም አስከትሎ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር መቆጣት ድግግሞሽ በእንክብካቤው በአንድ አምስተኛ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። የመጨረሻው ተሳታፊ ጭምር እንክብካቤውን እንዲያገኝ ተደርጎ መታቀዱም ልብ ሊባል ይገባል።

በፖዶኮኒዮሲስ ምርምር ዙሪያ በኢትዮጵያ የዳበረ አንድ ልማድ አለ። ተመራማሪዎች ጥናት ከመጀመራቸው በፊት ወደ ማኅበረሰቡ ሄደው ሰዎች ስለ በሽታው፣ ስለ ደም ናሙናና ስለ ፊርማ ምን እንደሚያስቡ አስቀድመው ይጠይቃሉ። ፈጣን የሥነ-ምግባር ዳሰሳ የሚባለው ይህ ነው። ፊርማ ለብዙ ሰው ከመሬትና ከዕዳ ጋር የተያያዘ፣ የሚያስፈራ ነገር በመሆኑ፣ ማስረጃውን በፊርማ ወይስ በቃል መቀበል እንደሚሻል፣ ለማንስ አስቀድሞ ማስረዳት እንደሚገባ በቦታው ተጠይቆ ይወሰናል። ከገጠር የመጣ ልምድ ቢሆንም ለከተማም ይጠቅማል፤ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ቋንቋ ይነገራልና።

ለሀገር አቀፍ ትስስሩ የሚያስፈልጉት ተቋማት አብዛኞቹ በሥራ ላይ ናቸው። በአለርት ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በሥጋ ደዌ ምርምር ተነሥቶ ዛሬ የክትባትና የመድኃኒት ሙከራዎችን የሚያካሂድ ተቋም ሆኗል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ፈጠራና የሕክምና ሙከራ ማዕከል ባለሙያዎችን በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ያሠለጥናል። በክልሎች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻቸውም የየራሳቸው የምርምር ቡድኖች አሏቸው። ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከሱዳን፣ ከታንዛኒያና ከኡጋንዳ ጋር በምሥራቅ አፍሪካ የክሊኒካል ምርምር ትስስር ውስጥም ተሳትፋለች።

የሚጎድለው ቀጣይነት ነው። እስካሁን ብዙ ጥናቶች የተካሄዱት በአንድ ፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ለጥናቱ ነርስ ይሠለጥናል፣ ፍሪጅ ይገዛል፣ የመረጃ ሠራተኛ ይቀጠራል፤ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ግን ቡድኑ ይበተናል፣ ቀጣዩ ጥናት ሲመጣም ሥራው ከሀ ይጀመራል። ወረርሽኝ ደግሞ ሥልጠናና ግዢ እስኪጠናቀቅ አይጠብቅም። የእንግሊዙ ጥናት በሦስት ወር መልስ የሰጠው የምርምር ነርሶቹ ወረርሽኙ ሲመጣ በየሆስፒታሉ ሥራ ላይ ስለነበሩ ነው። የአንድ ሀገር ትስስር የሚለካውም በጥናቶች ብዛት ሳይሆን በሁለት ጥናቶች መካከል ባለው ጊዜ ባለሙያዎቹ በቦታቸው በመቆየታቸው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ በዚህ አደረጃጀት ውስጥ ያለው ሥፍራ ቀላል አይደለም። አካባቢው በፍጥነት የሰፋ፣ ከገርጂ እስከ ሰሚትና አያት ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት፣ ከመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ጎን በርካታ የግል ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ያሉበት ነው። ጥናት በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ብቻ ሲወሰን፣ መጀመሪያ ወደ ሠፈሩ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ግል ክሊኒክ የሚሄደው ሕዝብ ከመልሱ ውጭ ይቀራል። የስኳር፣ የደም ግፊትና የአስም ሕሙማን በአብዛኛው የሚገኙት በዚያ ነው። ሌላው እንቅፋት ክትትል ነው፤ ተከራይ ቤት ሲቀይር ስልክ ቁጥሩንም ከቀየረ፣ በስድስተኛው ወር ድኖ ይሁን ታሞ የሚያውቅ አይኖርም። ከጥናት የጠፋ ሰው ውጤቱን ያዛባል። በመሆኑም ተሳታፊዎች የሚኖሩበትን አድራሻና ሁለተኛ ተጠሪ እንዲያስመዘግቡ ይጠየቃሉ።

የቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርትም የሰንሰለቱ አንድ አካል ነው። በጥናት ላይ ያለ መድኃኒት ወደ ሀገር የሚገባው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሲሆን፣ የቅዝቃዜ ሰንሰለቱ በመንገድ ላይ ከተቋረጠ መድኃኒቱ ለተሳታፊ አይሰጥም። የደም ወይም የሌላ ናሙና ወደ ውጭ ሀገር ሲላክ ደግሞ ናሙናው ለምን ዓላማ እንደሚውልና በማን እጅ እንደሚቆይ የሚገልጽ ስምምነት አስቀድሞ መጽደቅ ይኖርበታል። እያንዳንዱ ተሳታፊ ናሙናው ከሀገር የሚወጣ መሆን አለመሆኑን የመጠየቅ መብት አለው።

ማንኛውም የክሊኒካል ሙከራ ከመጀመሩ በፊት በሁለት በር ማለፍ አለበት። አንደኛው የምርምር ሥነ-ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴዎቹ የሚመሩበት ብሔራዊ መመሪያ አምስተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። ሁለተኛው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሚሠራው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ያለ እርሱ ፈቃድ የመድኃኒት ሙከራ ማካሄድ ክልክል ነው። ከዚህም ሌላ ጥናቶች መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ባደረገው የመላው አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ወይም በሌላ ዕውቅና ባለው መዝገብ ይመዘገባሉ። ምዝገባው ውጤቱ ያላማረ ጥናት ተደብቆ እንዳይቀር ይረዳል።

በጥናት እንዲሳተፍ የተጠየቀ ተገልጋይ ወዲያው መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። የስምምነት ቅጹ በሚገባው ቋንቋ ሊሰጠው፣ ማንበብ የማይችል ከሆነ ገለልተኛ ምስክር ባለበት ሊነበብለት ይገባል። ወደ ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር መመካከር ይችላል። ልጅ ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈቅዳል፤ ነገሩን ለመረዳት የደረሰ ልጅም ራሱ ይጠየቃል። ሊጠየቁ ከሚገባቸው ነገሮች ዋናዎቹ ጥናቱ ምን መልስ እንደሚፈልግ፣ ባይሳተፍ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚያገኝ፣ ምን ዓይነት ጉዳት ሊደርስ እንደሚችልና ጉዳት ቢደርስ ሕክምናውንና ካሣውን ማን እንደሚሸፍን ነው። የኋለኛው መልስ በቃል ሳይሆን በሰነዱ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። የጥናቱ መድኃኒትና ለጥናቱ ሲባል የሚደረግ ምርመራ ተሳታፊውን ገንዘብ አያስከፍሉም፤ የትራንስፖርት ወጪ የሚካካስ ከሆነም መጠኑ በኮሚቴው የጸደቀ ነው።

ተሳታፊ በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጥ፣ ከጥናቱ መውጣት ይችላል። በመውጣቱም ሆነ ከመጀመሪያው እምቢ በማለቱ ከተቋሙ የሚያገኘው መደበኛ ሕክምና አይቀነስበትም፤ ወረፋውም አይተላለፍበትም። መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ግን በድንገት ከማቆሙ በፊት ለጥናቱ ሐኪም ቢያሳውቅ ለደኅንነቱ ይበጃል።

በስምምነት ቅጹ ላይ የዋና ተመራማሪው ስምና ስልክ፣ እንዲሁም ጥናቱን ያጸደቀው የሥነ-ምግባር ኮሚቴ አድራሻ መኖሩን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። የተሰጠው ቅጽ እነዚህን ካልያዘ፣ ወይም ጥናቱ ፈቃድ ያለው ስለመሆኑ ጥርጣሬ ካለ፣ ተገልጋዩ ከመፈረሙ በፊት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482፣ አጠቃላይ የጤና አገልግሎትን ለሚመለከት ጥያቄ ደግሞ ለጤና ሚኒስቴር በ952 በመደወል መረጃ ማግኘት ይችላል። የተፈረመው ቅጽ አንድ ቅጂ ለተሳታፊው የሚሰጥ በመሆኑ ከሕክምና ካርዱ ጋር ይዞ ማቆየትና በሌላ ተቋም ሲታከም ለሐኪሙ ማሳየት ያስፈልጋል።